በትዕዛዝ የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ በጋ እና ክረምት ካለፉበት በኋላ

ጊታሩ አዲስ አበባ ከገባ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል። በየሳምንቱ መድረክ ላይ ይወጣል፤ በቀረው ጊዜ ቤት ውስጥ ይመታል። በትዕዛዝ ማሠራቱ አዋጥቷል ወይ? መልሱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ለአንገቱና ለፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም ለተተከሉት ብረቶች) የወጣው ገንዘብ ሳንቲም አልባከነም። ለፊቱ ጌጥና ለተጨማሪው ማብሪያ የወጣው ግን ቢቀር ምንም አይጎድልም ነበር።

የሠራው አውሮፓ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ግማሹ ክፍያ እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት፣ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ። የክሩ ርዝመት ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) 635 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ በእሳት የደረቀ ሜፕል፣ ፊንገርቦርዱ (ጣት የሚጫንበት ገበታ) ዞጲ፣ 22 የማይዝግ ብረት ፍሬት፣ የአጥንት ነት፣ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ፣ ክር የሚቆልፉ መቃኛዎች። አካሉ ማሆጋኒ ሲሆን ላዩ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሞገድ ሜፕል ተለጥፏል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ፒክአፖች አንገት በኩል ፒ-90 (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል)፣ ብሪጅ በኩል ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ናቸው። ክብደቱ 3.3 ኪሎ።

635 የተመረጠው በምክንያት ነው። የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር 648፣ የሌስ ፖል ዓይነቱ 628 አካባቢ ነው። 010 የክር ስብስብ (ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነው) በ648 ላይ ቤንድ (ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ለሚያበዛ ጣት ይከብዳል፤ በ628 ላይ ወፍራሙ ክር ላላ ይላል። በ635 የስድስቱ ክሮች ውጥረት ተደምሮ ወደ 45 ኪሎ ግራም ይመጣል። በ009 ከሆነ ወደ 37 ይወርዳል፤ ያኔ አንገቱም የክሩ ከፍታም እንደገና መስተካከል አለበት። ስለዚህ የትኛውን ክር እንደምትጠቀሙ ከማዘዛችሁ በፊት ወስኑ፤ የነቱ ጉድጓዶች የሚሞረዱት በዚያ ልክ ነው።

የአንገቱ ውፍረት በመጀመሪያው ፍሬት 21፣ በ12ኛው 23 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ሁለት አንገቶች እኩል 21 ሚሊ ሜትር ሆነው አንዱ ትከሻው (የጀርባው ጎንና ጎን) የሾለ፣ ሌላው ትከሻው የሞላ ሊሆን ይችላል፤ እጅ ላይ ፈጽሞ አይገናኙም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የምትወዱትን ጊታር አንገት በመጀመሪያውና በ12ኛው ፍሬት ላይ በካርቶን ቅርጹን ቆርጣችሁ ለሠሪው ላኩ። እዚህ ጊታር ላይ ይህ ተደርጓል፤ ውጤቱም ካርቶኑን መልሶ ሲያስጠጉበት ብርሃን አያሳልፍም።

የፊንገርቦርዱ ጉብታ ነት አካባቢ 254 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይዞ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ወደ 406 ይዘረጋል። ታች ለኮርድ ክብ፣ ላይ ለሶሎ ጠፍጣፋ ማለት ነው። በድሮዎቹ 184 ሬዲየስ ጊታሮች ላይ አክሽኑን (ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ከፍታ) ዝቅ አድርጎ 15ኛው ፍሬት ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ቤንድ ሲደረግ፣ ክሩ ወደ መሃል ሲገፋ ከፊት ያለውን ፍሬት ነክቶ ይታነቃል። እዚህ በ12ኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑ ክር 1.4፣ ወፍራሙ 1.7 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ምንም አይታነቅም።

ለእኛ ቅኝቶች ይህ ቁም ነገር ነው። ትዝታና ባቲ በፍሬቶቹ ላይ ይገኛሉ፤ ማሲንቆና ድምፃዊ በፍሬቶቹ መካከል የሚያስቀምጡትን የአንቺ ሆዬ ድምፅ ግን ጊታር የሚያገኘው ከግማሽ ድምፅ ባነሰ ቤንድ ነው። ያቺን ትንሽ ቤንድ ሁለት ነገሮች ያበላሹባታል። አንደኛው የሻከረ ፍሬት ነው። ሁለተኛው ተንሳፋፊ ትረሞሎ ብሪጅ (በስፕሪንግ ተይዞ የሚወዛወዝ) ነው፦ አንዱ ክር ሲሳብ ብሪጁ ወደፊት ያዘነብልና ሌሎቹ ክሮች ይወርዳሉ፤ ሁለት ክር አንድ ላይ መትቶ አንዱን ብቻ ለሚስብ ሰው ነገሩ ሁሉ ከቅኝት ይወጣል። የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ማዘዝ ከዚህ ያድናል። የክራር አመታት ለመምሰል መዳፍን ብሪጁ ላይ አሳርፎ ሲመታም አይወዛወዝም።

ፍሬቶቹ የተለመደው ኒኬል ሲልቨር አይደሉም፤ በነገራችን ላይ ያ ብረት ውስጥ ብር የሚባል ነገር የለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። የማይዝግ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ የሠሪውን ሞረድ ቶሎ ስለሚጨርስ ተጨማሪ ክፍያ ያስጠይቃል። በኒኬል ሲልቨር ላይ በዚህ ያህል አገልግሎት ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ሥር፣ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት፣ ጉድጓድ መታየት ይጀምር ነበር። እዚህ በማጉያ መነጽርም አይታይም። ድምፁን ያሾለዋል የሚሉ አሉ፤ በአምፕሊፋየር በኩል ልዩነቱ አይሰማም። አዲስ አበባ ፍሬት ቀይሮ የሚያስተካክል እጅ እንደልብ ስለማይገኝ ተጨማሪው ክፍያ ያዋጣል።

አሁን ወደ አየሩ። የከተማዋ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ እንጨትን አይጎዳም፤ የሚጎዳው የበጋው ደረቅ አየርና የክረምቱ እርጥበት መፈራረቅ ነው። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በስፋቱ ነው፤ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ፍሬቱ ብረት ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት የፍሬቶቹ ጫፎች በአንገቱ ጎን ብቅ ብለው እጅ ይቧጥጣሉ። በዚህ ጊታር ላይ በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቅ አሉ። ዞጲ ደግሞ ሲደርቅ ከብዙ እንጨት የባሰ ይጠብባል፤ ጊታር የሚያሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ደግ ነው። በእሳት የደረቀው ሜፕል ግን ከተለመደው ሜፕል ያነሰ እርጥበት ስለሚመጥጥ አልተጣመመም።

ጫፎቹን መሞረድ የሚገባው በክረምት አይደለም። ያኔ እንጨቱ አብጦ ጫፎቹን ስለሚውጣቸው የሚሞረድ ነገር አይገኝም። በድርቁ ጫፍ፣ እንጨቱ በጣም በጠበበበት ሰሞን፣ ፊንገርቦርዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ጫፎቹን በቀጭን ሞረድ መጀመሪያ ከእንጨቱ ጋር ማስተካከል፣ ከዚያ ጠርዙን ማለስለስ ነው። አንዴ በዚያ ልክ ከተሠራ በሚቀጥለው በጋ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

የአንገቱ ትንሽ ጎበጥ ማለት፣ ሪሊፍ የሚባለው፣ በበጋ 0.20፣ በነሐሴ 0.30 ሚሊ ሜትር ነበር። የሚለካው የመጀመሪያውን ፍሬት በካፖ (ክር ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) አስሮ፣ የመጨረሻውን በጣት ተጭኖ፣ ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመለኪያ ስስ ብረት በመፈተሽ ነው። ሌላ አንገት በተቃራኒው ሊሄድ ይችላል፤ እንጨቱና አቆራረጡ ይወስናሉ፤ ስለዚህ በግምት ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ዘንግ) አይነካም። ጉብጠቱ ሲበዛ በሰዓት አቅጣጫ አንድ ስምንተኛ ዙር ማጥበቅ፣ ክሩን ቃኝቶ ማሳደር፣ በማግስቱ እንደገና መለካት። ክሩ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ብቻ ከተንጫረረ አንገቱ ቀጥ ብሎ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከ12ኛው በላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የብሪጁ ከፍታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ የሚያቆይ ከረጢትና ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ማስቀመጥ ከዚህ ጣጣ ግማሹን ያስቀራል።

ትልቁ ቅሬታ ፒ-90ው ላይ ነው። ድምፁን በተመለከተ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ የቶን ማዞሪያው ወደ ሰባት ዝቅ ብሎ ትዝታ ሲመታበት ድምፁ ሞልቶ ይወጣል፤ የጣቱም ጥንካሬና ልስላሴ ይለያል። ነገር ግን ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ስለሆነ የመብራቱን 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይለቅማል። ብዙ መድረኮች ላይ ኤርዙ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) የማይታመን ነው፤ ዲመር (መብራት ማደብዘዣ) እና የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ይጨምሩበታል። ሠሪው የፒክአፑን ጉድጓድ በመዳብ ወረቀት ሸፍኖታል፤ ይህ የሚያቆመው ግን አንዱን ዓይነት ጫጫታ ብቻ ነው። ለመለየት ይህን ማድረግ ነው፦ ክሩን በእጅ ሲነኩ የሚጠፋው በኤርዝና በሽፋን ይታከማል፤ ጊታሩን ይዘው ሲዞሩ የሚጨምርና የሚቀንሰው ከትራንስፎርመር የሚመጣ ማግኔታዊ ጉምጉምታ ነው፤ ለእሱ መዳብ ምንም አያደርግም። በመጨረሻ በዚያው መጠን የተሠራ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ገባበት። ጥቂት ብሩህነት ተቀነሰ፤ ጸጥታው ተገኘ። ስቱዲዮ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናውን ማቆየት ይሻላል።

ስለ ኤርዝ ከተነሳ አይቀር፦ መድረክ ላይ ከማይክሮፎኑ ጋር ከንፈር ከመገናኘቱ በፊት መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይክሮፎኑ ወንፊት ላይ ማስነካት ልማድ ይሁን። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ከአንድ ኤርዝ ካለው መስመር እስኪሰኩ ድረስ አይዘፈንም። እንዲህ ያለው የኤርዝ ጉድለት ሰው ይገድላል።

ባለ ሞገዱ ሜፕል ያምራል። ከዚህ በላይ የሚባልለት የለም፤ ዋጋው ግን ከፍሬቶቹ ተጨማሪ ክፍያ ይበልጣል። ሃምበከሩን ወደ አንድ ጥቅል የሚከፍለው ተጨማሪው ማብሪያ፣ ማለትም የሚሳበው ፖት (የድምፅ ማዞሪያ) ደግሞ ሲከፈት ድምፁ ስለሚወርድ መድረክ ላይ ማንም አይነካውም። እንዲያውም መጀመሪያ አቧራ የበላው እሱ ነው፤ መንጫጫት ጀመረ። መድኃኒቱ ፖቱ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ነፍቶ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማዞር ነው፤ ተራ ዘይት የሚረጩ አሉ፣ አቧራውን ያጣብቃል። ቮሊዩሙ ሲቀነስ ሹል ድምፁ ይጠፋ ስለነበር በ500 ኪሎ ኦሙ ፖት ሁለት እግሮች ላይ የ1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና የ150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ተበይደውበታል፤ የሁለት ሻይ ዋጋ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ከሠሪው ቢጠየቅ በነፃ ይገባ ነበር።

ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ማሰሪያ ነት ይላላል። ከውጭ ብቻ ሲጠብቅ ጃኩ አብሮ ይዞርና ሽቦው ይበጠሳል፤ ሽፋኑን ከፍቶ ከውስጥ ይዞ ማጥበቅ ነው።

የእንጨቱ ሕጋዊ ሰነድ ጉዳይም አለ። ሮዝዉድ በ2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በሳይትስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሁለተኛ ዝርዝር ከገባ በኋላ ይህ እንጨት ያለበትን ጊታር ለሽያጭ ድንበር ማሻገር ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ ነበር፤ ከኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ሆነዋል። የብራዚል ሮዝዉድ ግን ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ሠሪ ቢያቀርብላችሁም አትቀበሉ። የእንጨቶቹ ሳይንሳዊ ስም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ጊታሩን ለጥገና መልሶ መላክ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ሲታዘዝ አብረው እንዲመጡ መጠየቅ ያለባቸው አሉ፦ በዚያው ልክ የተሞረደ አንድ ትርፍ ነት፣ አንድ ትርፍ ፖት፣ የሽቦው ሥዕል፣ የሁሉም ልኬት ወረቀትና የትረስ ሮዱ ቁልፍ። ቁልፉ በሚሊ ሜትር ይሁን በኢንች ይጠየቅ፤ 5 ሚሊ ሜትሩና ሦስት አሥራ ስድስተኛ ኢንቹ በዓይን ስለማይለዩ፣ ያልሆነውን አስገብቶ ማዞር የሮዱን ራስ ያሟጥጠዋል።