ፒስተኔ ለምን እንደተጎዳ ያሳየችኝ ትንሿ ካሜራ

ቱን ያስደረኩት (ጉልበት እንዲጨምር ያስተካከልኩት) ቱርቦ ሞተር ጉልበት ሲያንሰው ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ያለውን ግፊት) አስለካሁ፣ ሶስቱ ሲሊንደር ደህና ነው አንዱ ግን በጣም ወርዷል። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይወርድ ምክንያቱን ልወቅ ብዬ ነው ይቺን በካንዴላ ቀዳዳ የምትገባ ካሜራ የገዛሁት፣ ሞተር ቱን ለሚያደርግ ሰው ሁሉ እላለሁ ግዙ። መብራቷ አሪፍ ነው፣ የፒስተኑ ጠርዝ በአሸዋ የተደበደበ ይመስል ችፍ ችፍ ብሎ ቁልጭ አድርጋ አሳየችኝ፣ ይሄ የኖክ ምልክት ነው፣ ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ ዳር ላይ የቀረው ነዳጅና አየር በራሱ ጊዜ ይፈነዳል ማለት ነው። መሀሉ ቀልጦ ተበስቶ ቢሆን ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ መቀጣጠሉን እጠረጥር ነበር። የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይም ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ነበረ፣ ከፒስተኑ የተላጠ ማለት ነው!

አንድ ፒስተን ብቻ ሲጎዳ ደሞ ወዲያው ቱኑን ተጠያቂ አታድርጉ እባካችሁ፣ የዛን ሲሊንደር ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) አስፈትሹ፣ የኔ ግማሹ ተደፍኖ ነው የተገኘው፣ ነዳጅ ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምርና ኖክ ይመጣል።

ጉድለቷ የተሰበረ ሪንግ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) አታሳይም፣ ለሱ ሲሊንደሩን በአየር ሞልቶ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ይወጣ እንደሆነ መስማት ነው። ጎን የምታሳየው መስታወትም ቶሎ ቶሎ ዘይት ይይዛታል።