ቮልስ ገዝታችሁ ልታሠሩ ላሰባችሁ፦ የኋላ ወንበሩን ሳታነሱ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አጻጻፌ ሻከር ቢል አትፍረዱብኝ።

የድሮ መኪና አድሰው የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ይጠብቃችኋል። «አሁን አንድ ሰውዬ ቀብድ ሊያስይዝ ሲል ነው የደረስከው» ይባላል። ይሄ ለማንም አዲስ አይደለም። እኔን ያበገነኝ የገዛ ዕቅዴን መሸፈኛ አድርገው መሸወዳቸው ነው።

የፈለግኩት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን የ1967 ሞዴል ቮልስ ነበር። ዘንድሮም የሚፈለግ ዓመት ነው፤ 1500 ሞተርና 12 ቮልት ይዞ የመጣ፣ ቀጭኑ የድሮ ባምፐር ግን ገና ያልተቀየረበት። ካል ሉክ በሚሉት ስታይል ላሠራት ነው ያቀድኩት፤ ፊቷ ዝቅ ያለ፣ ጌጧ የተራገፈ፣ ጉልበቷ የጨመረ። ቸርኬዎቹን ቀድሜ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ባለ 5 ብሎን ናቸው፣ ብሎኖቹ የሚዞሩበት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊሜትር። ይሄን ሁሉ ለሻጩ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰውዬው በጥሞና ሰማኝ፣ ወረቀት ላይም ጻፈ። «ወንድሜ፣ ምንጣፉን እኛ በነጻ አልብሰን እናስረክብሃለን» አለኝ። የመረቀኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።

መኪናዋ መጣች። ክሪክ አስገብቼ አንዱን ጎማ አነሳሁና ክብ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈንቀል አደረግኩት።

አራት ብሎን።

በሌላኛውም በኩል አራት። ክብ ስፋቱ 130 ሚሊሜትር፤ የኔ ቸርኬ በየትም በኩል አይገባም። ለአሜሪካ የሚላከው ቮልስ ወደ 4 ብሎን የዞረው ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው። ገብቶኛል፣ ግን ማመን አልፈለግኩም። የኋላ ወንበሩን አነሳሁ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ነው የሚመታው፣ መሃል ላይ ባለው ቱቦ መሰል ብረት ላይ። የስጦታው ምንጣፍ ልክ በሱ ላይ በማስቲሽ ተለጥፏል። ማስቲሹ ገና ይሸታል። ጎትቼ ስገሽልጠው ቁጥሩ በ119 ይጀምራል። ሊብሬው ላይ ያለው በ117 ነው። በዚያ ዘመን ቁጥር 11 ማለት ቮልስ ሴዳን ነው፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር። ቦዲው የ1967፣ ሻንሲው የ1969! የራሷን ሻንሲ ዝገት በልቶባቸው ይሁን ምን ይሁን፣ የሌላ መኪና ሆድ ላይ ጭነዋታል።

ተመልሼ ሄድኩ። ሰውዬው «የለም»። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል፦

«አንተ ራስህ ልትበታትናት አይደል እንዴ የገዛሃት? ኦሪጅናል ምን ያደርግልሃል? እንዲያውም የ69 የኋላ እግሯ የተሻለ ነው።»

ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞሮ፣ «ብሎን ቆጥሮ መጣ!» አለው። ተሳሳቁብኝ። እዚያው ቆሜ።

የሚያናድደው፣ ስለ ኋላ እግሩ ልጁ ውሸት አልተናገረም። የ1969ኙ በመታጠፊያ ላይ የተሻለ ይይዛል። ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት ዋጋ ተከራክሬ እገዛት ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ሌላ፣ ብረቱ ሌላ። ምርመራ ላይ ቁጥር ሲያመሳክሩ ምን ልበል? ነገ ብሸጣትስ፣ ሻንሲው ከየት እንደመጣ ማን ያስረዳልኛል? ቸርኬው ቀላሉ ነው፤ የፍሬን ከበሮውን ቀይሬ አስገባዋለሁ። ቁጥሩን ግን ፍቄ አልጽፈው፣ ወንጀል ነው። «ትቀይረዋለህ» የሚሉት ነገር ሁሉ የሚቀየር አይደለም።

ገንዘቡን አንመልስም ብለዋል። ክስ ጀምሬያለሁ፣ የሆነውን እጽፋለሁ።

እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ወንበሩን አንሱ፣ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አያይዛችሁ ፎቶ አንሱት፣ አንድ የጎማ ክዳን ፈንቅሉ። ደቂቃ አይፈጅም። ምንጣፍ በነጻ እናለብሳለን ካሉ ደግሞ፣ ተዉት፣ ባዶ ብረቷን ስጡኝ በሉ።