«ለልጁ አንጀት» እየተባለ በየብሎኩ የሚሸጠውን ፓኬጅ አትግዙ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ቤታችሁ አራስ ካለ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ሰሞኑን በየኮንዶሚኒየሙ እየዞረ የሚሸጥ አንድ ፓኬጅ አለ። አንድ ቆርቆሮ የሕፃን ዱቄት ወተትና «ሕያው ባክቴሪያ» የተባለ ጠብታ ነው። ለየብቻ አይሸጡም፤ ሁለቱንም ካልገዛችሁ የለም። ዋጋው ከእህቴ የወር ደመወዝ ግማሹን በላ።

እህቴ ቤት የመጣችው ሻጭ አገባቡን ታውቅበታለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገባች፣ ቡና ጠጣች፣ ከዚያ «እስቲ ዳይፐሩን አሳዩኝ» አለች። ቢጫ፣ ቀጠን ያለ፣ ፍርፍር ያለበት ካካ ነው። «አያችሁ? ይሄ ልጅ ጥሩ ባክቴሪያ የለውም። የእናቱ ወተት አልበቃውም» አለች። እናቴ አጥሚቱን እያማሰለች «እኛ ስድስት ስናሳድግ ይሄን ማን ነገረን?» ብላ አጉረመረመች። ማንም አልሰማት። ብሩ በስልክ ተላከ፣ ደረሰኝ የለም።

እኔን ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ሻጯ የበሽታ ምልክት ያደረገችው ነገር ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ሕፃን ምልክት ነው። ቢጫና ቀጭን ካካ በቀን ብዙ ጊዜ ቢመጣም ልጁ በደንብ እየጠባ፣ እየሸናና ክብደት እየጨመረ ከሆነ ችግር የለበትም። አንድ ወር ካለፈው በኋላ ደግሞ ጡት የሚጠባ ልጅ ለቀናት ሳይወጣለት ሊቆይ ይችላል። ለእሱም ያንኑ ፓኬጅ ነው የሚሸጡት! ቢቀጥንም ግዙ፣ ቢዘገይም ግዙ።

ጉዳዩን በደንብ ለመረዳት የእናት ወተት ውስጥ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛውን ቦታ የያዘው ኦሊጎሳካራይድ የሚባል የስኳር ቤተሰብ ነው። ከ150 በላይ ዓይነት አለው። ሕፃኑ ራሱ ግን ሊፈጨው አይችልም። ታዲያ ለማን ተዘጋጀ? ታችኛው አንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉ ተህዋስያን ነው። በተለይ ኢንፋንቲስ የሚባለው ዝርያ ይህን ስኳር አሟጦ ይበላል። በልተው አሲድ ያወጣሉ፣ አንጀቱ ኮምጠጥ ይላል፣ ተቅማጥ አምጪዎቹ እንደ ልባቸው መራባት አይችሉም። የልጁ ካካ የሚቀጥነውም አንዱ ምክንያት ይሄው ያልተፈጨ ስኳር ነው።

ሻጯ «አዲስ ቴክኖሎጂ» ትላለች። ሄንሪ ቲሲየ የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም እነዚህን ባክቴሪያዎች ጡት ከሚጠባ ሕፃን ካካ ለይቶ ያወጣቸው በ1899 እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ፎርሙላ፣ ማለትም የሕፃን ዱቄት ወተት፣ የሚጠጣ ልጅ አንጀትም ባዶ አይደለም። እንዲያውም የባክቴሪያው ዓይነት ይበዛል። ቢፊዶው ያንሳል፣ እንደ ክሎስትሪዲያ ያሉት ይጨምራሉ፣ አጠቃላይ ሁኔታው ወደ ትልቅ ሰው አንጀት ያደላል። «ዓይነቱ ሲበዛ ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ጡት ብቻ በሚጠባ ጨቅላ ግን የሚጠበቀው ዓይነቱ ጥቂት፣ አብዛኛውም ቢፊዶ መሆኑ ነው። በእርግጥ ምግብ ብቻውን አይወስንም፤ በኦፕራሲዮን መወለድና አንቲባዮቲክ መውሰድም የየራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው።

አሁን ማጭበርበሪያውን ተመልከቱ። ልጁ የዱቄት ወተት ሲጀምር ካካው ጠጠር፣ ጠቆር ይላል። ይህ የፎርሙላ ባሕርይ ነው። ሻጯ በሳምንቱ ደውላ «ጠጠረለት? አያችሁ፣ ሠራ!» ትላለች። ምንም አልሠራም። የልጁ ምግብ ስለተቀየረ ካካው ተቀየረ፤ ቢፊዶውም በዚያው መጠን ወደ መቀነሱ ሄደ። አበዛንላችሁ ያሉትን ነገር እየቀነሱ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይብሳል። ሻጯ ዱቄቱን «ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት፣ ከሞቀ ባክቴሪያው ይሞታል» ብላ ነው የሄደችው። የዱቄት ወተት ግን ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ሊገኝበት ይችላል። የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ጨቅላ ላይ ሲደርስ ግን ማጅራት ገትር ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ያለው። በዚህ ሙቀት ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ አሉ የተባሉት ሕያው ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ይሞታሉ። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ለልጁ አደጋ ያለበት ወተት፣ ወይ ከተራ ፎርሙላ የማይለይ ውድ ወተት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ በሮቶና በጀሪካን በምናጠራቅምበት ሰፈር «ለብ ባለ ውሃ» ብሎ መምከር ምን ይባላል?

ጠብታውስ? ጠርሙሱ ላይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ ተብሎ ተጽፏል። እሷ ያወጣችው ከትከሻ ቦርሳዋ ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ከብሎክ ብሎክ ሲዞር የዋለ ነገር ነው። ሕያው ሆኖ ቢደርስ እንኳ ባክቴሪያው የሚበላው የእናት ወተት ስኳር በጥቂቱ በሚገኝበት አንጀት ውስጥ መቆየት ይቸግረዋል፤ ጭንጫ መሬት ላይ ዘር እንደ መበተን ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዳንድ ፎርሙላዎች ከእነዚያ ስኳሮች አንዱ ወይም ጥቂቶቹ በፋብሪካ ተሠርተው ይጨመሩባቸዋል። ቆርቆሮው ላይ «እንደ እናት ወተት» ሊያስብል የሚችለው ግን ያ አይደለም። ከ150 በላይ ካሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሆስፒታል ውስጥ ፕሮባዮቲክ (እንዲህ ያለ ሕያው ባክቴሪያ) የተሰጠው አንድ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ያው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ መሞቱን ገልጾ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። ሐኪም ሳያዝ ጠብታ አይሰጥም።

«ጡቱንም ስጪው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጡጦ ጨምሪለት» የሚለው ምክርም ለሻጯ ነው የሚጠቅመው። ጡት በተጠባ ቁጥር ነው የሚያመነጨው። ጡጦው ሲገባ ልጁ መጥባቱን ይቀንሳል፣ ወተቱም ይቀንሳል፣ እናትየው ሁለተኛ ቆርቆሮ ትገዛለች። «አሁን ጡት ብቻ የምታጠባ ማን አለች?» ስትልም ሰምቻታለሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶው ጡት ብቻ ነበር የሚጠቡት። ስለዚህ ብዙ አለች።

የእናት ወተት ራሱ ሕያው ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። በተለይ እንገሩ በእነዚያ ስኳሮችና በበሽታ መከላከያ የበለጸገ ነው። አሁንም እንገሩን አልበው የሚደፉ፣ ለልጁ ቅቤ የሚያልሱ ቤቶች አሉ። በነጻ የመጣውን ደፍቶ በውድ መግዛት አይገባኝም።

ፎርሙላ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። እናት የሞተችበት፣ በሐኪም ትእዛዝ ጡት መስጠት የማትችል፣ ሞክራ ሞክራ ያልሆነላት አለች። እነሱን የሚያሸማቅቅ ሰው አልወድም። ፎርሙላ የጠጣ ልጅም ያድጋል፤ ምግብ ሲጀምርና እያደገ ሲሄድ የአንጀቱ ባክቴሪያ ከሌላው ልጅ ጋር እየተቀራረበ ይመጣል። ፎርሙላ ካስፈለገ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ከስድስት ወር በታች ላሉት የተዘጋጀውን ተራውን ግዙ። እሽጉን፣ የማብቂያ ጊዜውን እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ውሃውን አፍልታችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ በጥብጡት። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቀዝቅዙና አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። በኪሎ ተመዝኖ በላስቲክ የሚሸጥ የዱቄት ወተት ግን ለሕፃን ፈጽሞ አይሆንም።

ሥራ የምትመለሱ ደግሞ በሕጉ ያላችሁ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ያለቀ ዕለት ወተቱ አያልቅም። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። መብራት የሚጠፋበት ሳምንት ከሆነ ፍሪጁን አትመኑት።

ልጁ ካተኮሰው፣ ካካው ላይ ደም ካለ፣ ካካው ነጭ ከሆነ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስለ ቀሪው የብሎካችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ አትከፍሉም።

የገዛችሁ ካላችሁ ለልጁ አትስጡት፣ ግን አትጣሉት። የምርት ቁጥሩንና የማብቂያ ጊዜውን ፎቶ አንሱና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ ስልክ 8482 ደውላችሁ አስመዝግቡ። ብር የላካችሁበትን መልእክትም ከስልካችሁ አታጥፉት፤ ደረሰኝ ስላልሰጧችሁ ያላችሁ ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።