«ይተነፍሳል» ተብሎ የተሸጠልኝ ድፍን የነዳጅ ታንከር ክዳን

ይሄን ስጽፍ እጄ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ንዴቱ በርዶልኝ ብጽፈው ይሻል ነበር። ግን እስኪበርድልኝ ሌላ ሰው እዚያ ኮንቴይነር ደጃፍ መቆሙ አይቀርም።

የድሮ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ቃሊቲ አካባቢ ያሉትን የመለዋወጫ ኮንቴይነሮች ታውቃላችሁ። ሰውየውንም ታውቁታላችሁ። «ወንድሜ፣ ላንተ ስለሆነ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልሸጥም» የሚለው። ስልኩን በትከሻው ደግፎ እያወራ ዕቃ የሚያሳየው። «የለኝም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቀው።

የእኔዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ናት። የነዳጅ ታንከሯ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው፣ 40 ሊትር ይይዛል። የአሮጌው ክዳን ጎማ ስላለቀ ሞልቼ ስነዳ ያንጠባጥባል፣ ሽታውም ውስጥ ይገባል። ጎማውን ብቻ ማስቀየር እችል ነበር። እኔ ግን አዲስ ክዳን አማረኝ።

ደግሞ እኮ የሚያስፈልገኝን አውቅ ነበር! ታንከሯ ድሮ ሲበየድ መተንፈሻ ቱቦው ተደፍኖ ቀርቷል። አየር የሚገባው በክዳኑ ብቻ ነው። ፓምፑ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ፓምፑ ይሸነፋል፣ ሞተሩ ሙሉ ታንከር ይዞ በጥም ይጠፋል። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተበላሁት።

ክዳኑን አመጣልኝ። በላስቲክ የታሸገ፣ የሚያብለጨልጭ። «ይተነፍሳል?» አልኩት። ስልኩን ከትከሻው አወረደ። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ። ክዳኑን ወደ አፉ አስጠጋና ጉንጩን ነፍቶ ነፋበት። ፍፍፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ይኸው! ከእኔና ካንተ በላይ ይተነፍሳል» አለኝ። ሳቅን። አብረን ነው የሳቅነው። አየሩ የወጣው በክዳኑ ሳይሆን በከንፈሩ ጥግ መሆኑ የገባኝ አሁን ነው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቼ ስደጋግመው።

ከኋላው ዕቃ የሚደረድር ልጅ ነበር። ዞር አለና «ጋሼ፣ እሱ እኮ ድፍኑ ነው» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ግን ሰምቻለሁ። ሰውየው ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ሂድ ሻይ አምጣ» አለው። ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ክዳኑን አየሁ። ከ2,500 ብር ወደ 1,800 ያስወረድኩ ጀግና ነበርኩና ዝም አልኩ። አሮጌውን ክዳን «ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ከእጄ ሲወስደውም ዝም። ደረሰኝ? ምን ደረሰኝ!

እሁድ እማዬን ይዤ ወደ ዱከም ወጣሁ፣ አክስቴ ቤት ዝክር ነበር። እማዬ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች። ገላን ሳንደርስ መኪናዋ ተንተፋተፈችና ጸጥ አለች። ትንሽ ቆመን ሞከርኳት፣ ተነሳች። ብዙም ሳትሄድ ደገመችው። በሰው በሰው የተጠራ መካኒክ «ሙቀት ነው» አለ። ካንዴላ ፈታ፣ ካርቡሬተር አጠበ፣ 1,500 ብር ተቀበለ። እሱ ሲያጥብ አየር በክዳኑ ጠርዝ ቀስ እያለ ሰርጎ ገብቶ ነበርና መኪናዋ ተነሳች። መረቅነው።

ሦስተኛ ስትቆም አንድ የአይሱዙ ሹፌር ወረደልን። ሞተሩን ዞር ብሎ አላየውም። የፊቱን ኮፈን አስከፈተኝና ክዳኑን ጠመዘዘው። ፉሽሽሽ! ታንከሩ «ቋ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እማዬ አማተበች። «አንተ፣ መኪናዋን አንቀህ እኮ ነው የምትነዳት» አለኝ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ነው ይሄን ያለኝ፣ ልክም ነው። ዱከም የደረስነው በየአሥር ደቂቃው እየቆምን፣ ክዳን እየፈታን፣ መልሰን እየዘጋን ነው። ዳቦው ቤንዚን ቤንዚን ብሏል። አክስቴ ቆርሳ ቀመሰችና ምንም አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ተመለስኩ። ሰውየው ክዳኑን አገላብጦ አየው። «ቀዳዳ ከፈለግክ ቤትህ ምስማር የለም?» አለኝ። ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ሳቁ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። «ወይ ደግሞ ላላ አድርገህ ንዳ» ሲል ጨመረ። ታንከሩ ፊት ለፊት፣ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ባለበት መኪና! ክዳን አላልቶ መንዳት ማለት ትነቱን ለቤተሰብህ ማሽተት ነው፣ አንድ ብልጭታ ከተገኘ ደግሞ አለቀ። ይሄን መለዋወጫ ሻጭ ነው የሚመክረኝ።

ልናገረው ቀና ስል መደርደሪያው ላይ የራሴን ክዳን አየሁት። ታጥቧል። አዲስ ጎማ ገብቶለታል። ጠርዙ ላይ ያለችው ጭረት የእኔ ናት፣ አንዴ በመፍቻ ስታገል የጫርኳት። «ስንት ነው?» አልኩት። «700። ኦሪጅናል የጀርመን ነው፣ ይተነፍሳል» አለኝ። አልነፋበትም። ገዛሁት። ምን ላድርግ? ከሱ ጋር ስጨቃጨቅ ከምውል ብዬ ነው፣ ግን የራሴን ዕቃ በብሬ ስገዛ እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቁኝ። ሻይ የተላከውን ልጅ ፈለግኩት፣ አልነበረም።

ድፍን ክዳን በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የቤንዚን ትነት ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ በሕግ ስላስገደደች፣ ትነቱ በቱቦ ወደ ከሰል ማጣሪያ ይሄዳል፣ ክዳኑም ድፍን ይሆናል። ለእንደዚያ ዓይነቱ መኪና የሚተነፍስ ብትገጥሙለት በተቃራኒው ሽታ አይለቃችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ታንከራችሁ በምን እንደሚተነፍስ እዩ። ከዚያ አዲሱን ክዳን በውስጥ በኩል ራሳችሁ በአፋችሁ ሳቡት። አየር ካልመጣ ድፍን ነው። እሱ ሲነፋ ቆማችሁ አትሳቁ።

ድፍኑ ክዳን ቤቴ ተቀምጧል። መተንፈሻ ቱቦው ደህና የሆነ ቮልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና በነፃ ይውሰደው።