ጠብታውን አልሰጥህም ላለችው ሲስተር

ሰላም የአዳማ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው የታናሽ ወንድሜን ዓይን ያተረፈችልኝን አንዲት የዓይን ሕክምና ነርስ ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ ስለዚህ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

ወንድሜ ስራው ብየዳ ነው። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረት ይሰራል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መነጽሩን ላብ አስቸግሮት ለአፍታ ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎት ነበር። አብሮት የሚሰራው ልጅ ከመሳሪያ ሳጥኑ ትንሽ ብልቃጥ አወጣና "ይቺን ጠብ አድርግባት፣ ወዲያው ይተውሃል" አለው። እውነትም ተወው። ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ ጠፋ፣ እሱም እስኪመሽ ሲበይድ ዋለ።

ብልቃጧ የማደንዘዣ ጠብታ ነበረች፣ ቴትራካይን የሚባለው። ሐኪሞች ዓይን ሲመረምሩ ወይም የገባ ነገር ሲያወጡ የሚጠቀሙበት ነው። ልጁ ያለ ማዘዣ ነው የገዛት።

ማታ ሕመሙ ከቀኑ ብሶ ተመለሰ። ጠብታውን ጨመረበት። ሌሊትም ጨመረ። እሁድ ራሴን አሞኛል ብሎ ሲተኛ ዋለ፣ እኔም አመንኩት። ሰኞ ጠዋት ቡና ላፈላ ስነሳ ብርሃን አላስችል ብሎት ጋቢ ተከናንቦ አገኘሁት። ዓይኑ ደም መስሏል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ነገር ጣል ብሎበታል። ልቤ ቀጥ አለ። ባጃጅ ይዘን በረርን፤ የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ አቧራው እንዳይገባበት በመዳፌ ከልዬለት ነው የደረስነው።

ሲስተር ገና ስታየው "ምን ጨመርክበት?" አለችው። "ምንም" አለ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የኔ ወንድም፣ ልቆጣህ አይደለም። የጨመርከውን ካላወቅን የምናየው ነገር ያሳስተናል" አለችው። ያኔ ብልቃጧን ከኪሱ አወጣ።

ከዚያ ያደረገችውን ሁሉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በጥንቃቄ የሚሰራ ሰው እንዲህ ነው። ምንም ሳትጨምርበት በፊት ዓይኖቹን በየተራ አስከድና ሰሌዳ አስነበበችው። መድኃኒት የማይስማማህ አለ ወይ አለችው። ብረቱ በመዶሻ ስትመታ ነው በግራይንደር ስትቆርጥ የገባው ብላም ጠየቀች። ይቺን ጥያቄ በኋላ አስረዳችኝ። በመዶሻ ሲመታ የሚፈናጠር ብረት ዓይንን በስቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ እንደዚያ ከተጠረጠረ ዓይኑ ሳይነካና ሳይጫን ተከልሎ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

እጇን ታጥባ የራሳቸውን ብልቃጥ አመጣች። የተከፈተበት ቀን ፕላስተር ላይ ተጽፎ ተለጥፎበታል። "ትንሽ ያቃጥልሃል፣ ከዚያ ይደነዝዛል" አለችው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ አንዲት ጠብታ ብቻ አደረገችለት። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍቱን እንኳ አልነካም። ከዚያ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይኑን ጥግ በጣቷ ለትንሽ ጊዜ ያዘችለት፣ መድኃኒቱ ወደ አፍንጫ ወርዶ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ነው። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ደነዘዘ። ቀለም ባላት ቀጭን ወረቀት ነካ አደረገችውና በሰማያዊ መብራት ሲታይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ሐኪሙ አገጩን አስደግፎ በማይክሮስኮፕ እያየ ብረቷንና የተወችውን ዝገት አወጣለት። ወንድሜ ምንም አልተሰማውም።

ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ "ሲስተር፣ ይቺን ጠብታ ብቻ ይስጡኝ፣ ማታ እንዳያመኝ። እከፍላለሁ" አላት። "አልሰጥህም" አለችው። ለመናት። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አብሬ ለመንኩ፤ ሲያቃስት ያደረበት ሌሊት አንጀቴን በልቶት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሰጠን ወይ ያመናጭቀን ነበር። እሷ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

"አሁን ዓይንህ ደንዝዟል። አሸዋ ቢገባበት አታውቅም፣ እንደ ወትሮህ አትርገበገብም፣ ብታሸው እንደጎዳኸው አይሰማህም። ይሄ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፣ እኛ ደግሞ አጠገብህ ነን። ቤት ወስደህ በየሰዓቱ ስትጨምር ግን ሌላ ነው። ቁስሉ የሚድነው ከዳር ያለው ጤነኛ ሽፋን እያደገ ሲሸፍነው ነው፣ ይሄ መድኃኒት ሲደጋገም ያንኑ ሽፋን ይመርዘዋል። ቁስሉ አይዘጋም። ስላልዘጋ ያምሃል፣ ስላመመህ ትጨምራለህ። እንዲህ እያለ ዓይኑ የተበሳ፣ ብርሃኑን ያጣ ሰው አለ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ከብረቱ አይደለም?" አላት።

"ብረቱ ያቆሰለህ ነጥብ የምታክል ቦታ ነው። ቀሪው ከጠብታውና ከማሸት ነው።"

ዝም አለ። ብልቃጧን ራሱ አስረከባት።

የአንቲባዮቲክ ቅባትና ለሕመሙ የሚዋጥ ፓራሲታሞል ታዘዘለት። ማደንዘዣው እስኪለቀው ዓይኑን እንዳይነካ አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀችው። እዚያው እያለን የዓይን ግፊታቸው ሊለካ ያው ጠብታ የተደረገላቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ ለእሳቸውም እንዳያሹ በኦሮምኛ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው፣ በዚያ ሁሉ ወረፋ መሃል። ማታ ደግሞ ደውላ "ታገሰው?" አለችኝ። አልታገሰውም ነበር፣ አመመው፣ ግን ቻለው። በየቀኑ ለምርመራ እየተመላለሰ በአራተኛው ቀን ቁስሉ ተዘጋ። ጭጋጉም እየሳሳ ሄዶ አሁን ሰሌዳውን እስከ ታች ያነባል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳነብ፣ እንደ ፈረንጆች በ1884 ካርል ኮለር የሚባል ወጣት ሐኪም ቪየና ውስጥ ዓይንን በጠብታ ማደንዘዝ እንደሚቻል ያሳየው በኮኬይን ነበር። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ትልቅ እፎይታ ነው የሆነው። ያም ቢሆን የዓይንን የፊት ሽፋን ይጎዳ ነበር። ሲስተር የነገረችን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመድኃኒቱ ጋር የኖረ ነው ማለት ነው።

ብየዳ ቤት፣ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የመሳሪያ ሳጥናችሁን ፈትሹ። ቴትራካይን ወይም እንደሱ የሚያደነዝዘው ፕሮፓራካይን የሚል ብልቃጥ ካገኛችሁ ዓይናችሁ ላይ አታድርጉ። የወንድሜ ጓደኛ ሁለተኛ ብልቃጥ ነበረው፣ ባለፈው ሳምንት ወስዶ ለሲስተር ሰጣት። ወንድሜም ከላብ ጋር የማያስቸግር ዙሪያውን የሚከልል መነጽር ገዝቶ ሰኞ ስራ ጀምሯል።

ሲስተርዬ፣ ይሄን ካነበብሽው እናታችን በየቀኑ ስምሽን እየጠራች እየመረቀችሽ ነው። ዓይኑን ያመመው ሰው ያላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የት እንደምትሰራና ተረኛ የምትሆንበትን ቀን ጠይቄ እነግራችኋለሁ።