ኤንጅልፊሽ ስንት ልግዛ? አንድ፣ ሁለት፣ ጥንድ ወይስ ስድስት

ኤንጅልፊሽ የሚባለውን የቤት ገንዳ ዓሣ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያማርጠው ቀለም ነው። ብርማው ይሻላል ወይስ ጥቁሩ? ወርቃማው ወይስ ዝንጉርጉሩ? ቀለሙ ለዓይን ነው እንጂ ለጠቡ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። ሰላሙን የሚወስኑት ስንት እንደገዛችሁ፣ ገንዳው ምን ያህል እንደሆነና ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ እንነሳ።

ዓሣው ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ላየው ሰው በጣም ጨዋ ይመስላል። ግን ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ነው፤ አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ሲክሊድ ቦታ ይይዛል፣ አለቃና ምንዝር ይለያል፣ እንቁላሉን ለማንም አያስነካም። ደግሞ ሱቅ ውስጥ የምታዩት የሳንቲም ያህል የሆነው ትንሽ ዓሣ እንደዚያው አይቀርም። ሲያድግ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይኛው ክንፍ ጫፍ እስከ ታችኛው ሲለካ ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ሊያልፍም ይችላል።

አንድ ወይስ ሁለት?

ገንዳችሁ ከ110 እስከ 150 ሊትር ከሆነ የእኔ ምርጫ አንድ ነው። «ብቻውን አያሳዝንም ወይ?» የሚል ብዙ ነው። ኤንጅልፊሽ ግን ቴትራ እንደሚባሉት ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ካልሆነ የሚሸበር ዓሣ አይደለም። የሚፎካከረው የራሱ ዓይነት ከሌለ ተረጋግቶ ይኖራል፣ ከሰውም ጋር ቶሎ ይለምዳል። ምግብ ሲመጣ ሌሎቹን ትንንሽ ዓሦች ገፋ ገፋ ሊያደርግ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

ሁለት መግዛት በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም አስቸጋሪውም እሱ ነው። ትንንሾቹን አይቶ ወንድና ሴት መለየት አይቻልም። ያደጉትም ቢሆኑ በእርግጠኝነት የሚለዩት እንቁላል ሊጥሉ ሲሉ ከሆዳቸው ሥር ብቅ በምትል ትንሽ ቱቦ ነው፤ የሴቷ ወፈር፣ የወንዱ ቀጠን ትላለች። ስለዚህ ሁለት የገዛ ሰው ዕጣ ነው ያወጣው። ካልተስማሙ አንዱ አሳዳጅ፣ ሌላው ተሳዳጅ ይሆናል። ዱላውን የሚካፈል ሦስተኛ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው አንዱ ላይ ነው። ተሸናፊውን ለማወቅ አትቸገሩም፦ ከሂተሩ (ከውሃ ማሞቂያው) ጀርባ ወይም ከላይ ጥግ ይዞ፣ ክንፉን ሰብስቦ ይቆማል። ምግብ ሲበተን እንኳ አይወጣም።

ወንድና ሴት ከሆኑስ? ደስ የሚል ዜና ይመስላል። እንቁላል በጣሉ ቀን ግን የገንዳው ግማሽ የእነሱ ይሆናል፣ ሌላው ዓሣ ሁሉ በቀረው ጥግ ይታጨቃል። ሦስት መግዛትም መፍትሔ አይደለም። ሁለቱ ከተጣመሩ ሦስተኛው መከራውን ያያል።

የተጣመሩ ወይስ ስድስት ትንንሽ?

አንዳንድ ሻጭ አብረው እንቁላል የጣሉ፣ መጣመራቸው የታወቀ ወንድና ሴት ያቀርባል። ዋጋቸው ከትንንሾቹ ይወደዳል። ማራባት ለሚፈልግና ለእነሱ ብቻ የሚሆን ገንዳ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም። ብዙ ዓይነት ዓሣ ለሚኖርበት ገንዳ ግን አልመክርም።

ምክንያቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ይገባችኋል። ሰፊ ቅጠል ወይም የፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ቱቦ ይመርጡና በአፋቸው ተራ በተራ ያጸዱታል። ከዚያ ሴቷ ከታች ወደ ላይ እንቁላሉን ትደረድራለች፣ ወንዱ ይከተላታል። በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ ለመዋኘት ደግሞ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዱ እንቁላሉን በክንፉ ሲያራግብ ሌላው ዘብ ይቆማል። በማታ ጠጠር እየቆፈረ የሚሄድ ኮሪዶራስ የሚባል ምስኪን የታች ዓሣ ሳያስበው ቢጠጋ ይደበደባል። ይባስ ብሎ እንቁላሉ ከተበላባቸው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ሊጥሉ ይችላሉ። ጎረቤቶቹ እፎይ የሚሉበት ጊዜ አይኖርም።

ስድስት ትንንሾችን በአንድ ቀን፣ በእኩል መጠን፣ ከአንድ ገንዳ መግዛት የተለየ ነው። ጠቡ አይጠፋም፣ ይከፋፈላል። አለቃው አንዱን ሲያባርር ሌላው መሀል ይገባበታል፣ ሐሳቡ ይበተናል። አንዳንዴ ሁለቱ ከንፈር ለከንፈር ተያይዘው ሲጓተቱ ታያላችሁ። ያስደነግጣል፤ ግን ጉልበት መለካካት ነው፣ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ያበቃል። ቅርፊት ከተነሳ፣ ክንፍ ከተቀደደ ወይም አንዱ መብላት ካቆመ ግን በዚያው ቀን ለዩት።

ይህ ምርጫ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው 250 ሊትር አካባቢ የሚይዝ ገንዳ ነው። ሁለተኛው ዝግጅት ነው፦ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከመሀላቸው ሁለቱ መጣመራቸው አይቀርም ብላችሁ አስቡ። ያኔ ወይ እነሱ፣ ወይ የተቀሩት የሚሄዱበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ማሟላት የማይችል ሰው አንድ ዓሣ ብቻ ወደ መግዛቱ ይመለስ።

መደበኛ፣ ረጅም ክንፍ ወይስ አልተም?

መደበኛው ስካላሬ የሚባለው የኤንጅልፊሽ ዝርያ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ነው። ረጅም ክንፍ ያለውም ያው ስካላሬ ነው፣ ክንፉ ብቻ እንዲረዝም ተመርጦ የተራባ። በጣም ያምራል፤ ግን ሲዋኝ ቀርፋፋ ነው፣ ምግብ ይቀደማል፣ ክንፉም በቀላሉ ይነከሳል። ከመደበኛው ጋር ባትቀላቅሉት ይሻላል።

አልተም ከኦሪኖኮና ከላይኛው ሪዮ ኔግሮ የሚመጣ ሌላ ዝርያ ነው። ይበልጥ ረጅም ነው፤ ሞቃት፣ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ይፈልጋል። ልምድ ለሌለው ሰው አይሆንም። «የፔሩ አልተም» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ስካላሬ ነው፤ የአልተም ዋጋ አትክፈሉበት።

ገንዳው ወደ ላይ ወይስ ወደ ጎን?

ሁለት ገንዳዎች ሊትራቸው ተቀራራቢ ሆኖ አንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ ሌላው 120 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቢሆን ሁለተኛውን ውሰዱ። ለክንፉ 50 ሴንቲሜትር ከፍታ ካገኘ ይበቃዋል። ጠብን የሚያበርደው የጎን ርቀት ነው፤ ተባራሪው የሚሸሽበት ያገኛል። ርቀቱም ቢሆን ባዶ ከሆነ ዋጋ የለውም። እንደ አማዞን ሶርድ ያለ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክልና ቆሞ የሚቀመጥ ግንድ መሀል ላይ አድርጉ። እንዳይተያዩ የሚጋርድ ነገር ሲኖር ማባረሩ ቶሎ ይቆማል።

ጎረቤት ማን ይሁን?

ኒዮን ቴትራና ረሚኖዝ ቴትራን እናወዳድር፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነውና። ኒዮን ቀጭን ነው፣ ላደገ ኤንጅልፊሽ አፍ ልክ ይመጣል። ኤንጅልፊሹ ትንሽ ሳለ ለወራት በሰላም አብረው ይኖራሉ። ከዚያ ኒዮኖቹ ሌሊት ሌሊት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ረሚኖዝ ተለቅ ይላል፣ ፈጣን ነው፣ ሙቀቱንም ይወደዋል። እኔ ረሚኖዝን እመርጣለሁ።

ለታችኛው ክፍል ኮሪዶራስ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሙቀት የሚችለው ስተርባይ የሚባለው ዓይነት። ብሪስልኖዝ ፕሌኮ የሚባለው ዓሣም ይስማማል። ታይገር ባርብና ሰርፔ ቴትራ ግን ይቅሩባችሁ። እዚህ ጋ ተበዳዩ ራሱ ኤንጅልፊሹ ነው፤ እነዚህ ረጅም ክንፍ ሲያዩ መንከስ ይወዳሉ። ቤታ የሚባለው ዓሣም አይሆንም። ትንንሽ ሽሪምፕ የገዛ ሰው ምግብ ነው የገዛላቸው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩን ትንሽ ምግብ እንዲበትን ጠይቁትና ቆማችሁ እዩ። ክንፉን ዘርግቶ የሚመጣውን ምረጡ። ዓይኑ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ የሆነ ዓሣ ዕድገቱ የቀጨጨ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ሁለት ዓሦች ጥግ ይዘው ሌላውን የሚያባርሩ ከሆነ ተጣምረው ሊሆን ይችላል፤ ለማራባት ካልሆነ አትንኳቸው።

ገንዳችሁ ውስጥ አስቀድሞ ኤንጅልፊሽ ካለ፣ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግንዱንና ድንጋዩን ከቦታ ቦታ አዛውሩ። ነባሩ «የእኔ» ያለው ጥግ ሲጠፋበት ሁለቱም እኩል እንግዳ ይሆናሉ። መብራቱን አጥፍታችሁ ማታ አስገቡት። ያደገ ዓሣ መልሶ ይቀበል እንደሆነም ሻጩን በዚያው ጠይቁት። ስድስት ለምትገዙ ይህ መልስ ከዋጋው በፊት መታወቅ አለበት።