የስኳር ክትትል ለምታደርግልን ሲስተር፣ ከእኔና ከወንድሜ የተላከ ምስጋና

እኔም ታናሽ ወንድሜም አይነት አንድ የስኳር ህመም አለብን። እኔን ህመሙ ከያዘኝ 14 ዓመት ሆነኝ፣ እሱን ከያዘው 9። አንድ ቤት አድገን፣ አንድ አይነት ኢንሱሊን እየተወጋን፣ ህመሙ በእሱና በእኔ ላይ ምን ያህል እንደሚለያይ የገባን ይህችን ሲስተር ካገኘን በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ነበር የምከታተለው። በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት ስኳሬ አልወርድ ይላል፤ የሚሰጠኝ መልስ ሁሌ "አመጋገብሽን አላስተካከልሽም" ነው። አልቅሼ የወጣሁበት ቀን አለ። ሲስተር ግን የልኬት ደብተሬን ተቀብላ "የወር አበባሽ መቼ መቼ መጣ?" አለችኝ። ቀናቱን በቀይ እስክሪብቶ ከበበቻቸው። የ3 ወሩን ገጾች ጎን ለጎን ስትዘረጋቸው፣ ከፍ ከፍ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከቀዩ ክብ በፊት ባሉት 4 እና 5 ቀናት ላይ ተሰብስበዋል። በብዙ ሴቶች ላይ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት የሚጨምሩት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ጉልበት ይቀንሱታል፤ የወር አበባው ሲጀምር ደግሞ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ከሐኪሜ ጋር ተማክራ ለእነዚያ ቀናት የተለየ መጠን ወጣልኝ። ለካ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም!

ሌላም ነገር ጠየቀችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እወፍራለሁ ብለሽ መርፌ ዘለሽ ታውቂያለሽ?" ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት። አልተቆጣችም። ይህ በሴቶች ላይ በብዛት እንደሚታይ፣ መርፌ መዝለል ደም ውስጥ አሲድ እንዲከማች አድርጎ ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል በእርጋታ አስረዳችኝ፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያም ጋር አገናኘችኝ።

ፔይድ የሚባል 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ከስኳር ጋር መኖር ምን ያህል እንደከበደን ከ100 ይለካል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከባድ ጭንቀት ነው። እኔ 60 አመጣሁ፣ ወንድሜ 15። በብዙ ጥናቶችም ሴቶች ከፍ ያለ ነጥብ ያስመዘግባሉ፤ ድብርትም ስኳር ይወርድብኛል የሚል ፍርሃትም በእነሱ ላይ ይበዛል። ሌላ ሰው ቢሆን "አንተ ደህና ነህ" ብሎ ይሸኘው ነበር። እሷ ግን "ሥራ ላይ ስኳርህ ቢወርድ የሚያውቅ ማን አለ?" አለችው። ዝም አለ። ቆይቶ "ማንም" አለ። ለካ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን እየቆለፈ ነበር ጭማቂ የሚጠጣው፤ ባልደረቦቹ ደካማ ነው እንዳይሉት። እኔ እህቱ እንኳ ይህን አላውቅም ነበር። ወንዶች ብዙ ጊዜ ስለማይናገሩ ትንሽ ነጥብ ሲያመጡ የበለጠ እንደምትጠይቅ ያኔ ነገረችን።

ስኳር ያለባችሁ ሁሉ፣ በተለይ "ቁጥርሽ ለምን ከፍ አለ" ከመባል በቀር ሌላ ጥያቄ ሰምታችሁ የማታውቁ፣ እሷ ዘንድ ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መሄድ የማትችሉ ደግሞ የወር አበባችሁን ቀን ደብተራችሁ ላይ ከባችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ፤ መጠይቁንም ጠይቁ።

ሲስተርዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት አጠገቡ ለሚቀመጠው ልጅ ነግሮታል፤ ጭማቂው አሁን የሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።